ሰፊው ታዛ

«በሳህን አይሆንም!»

እትዬ የሺሃረግ ንፍሮ የተሞላውን ሳህን ከተሾመች እጅ ቀበል አደረጉና ከጎናቸው ከተነጠፈው የኮባ ቅጠል ላይ ገለበጡት። ቅጠሉን አጣጥፈው መልሰው አስያዟት። «ሳህኑ የእድር ነው፣ የኔ ልጅ። ነገ ሌላ ለቅሶ ላይ ሰው ይበላበታል። ጅማ ስትኖሪ ረስተሽው ነው እንጂ ታውቂዋለሽ።»

ተሾመች አልረሳችውም። እናቷን ትናንት ቀብራ፣ ስታለቅስ አድራ፣ ድምጿ ተዘግቶ ነው እንጂ። ቅጠሉን በሁለት እጇ ይዛ ከማድ ቤቱ ወጣች። ዝናብ ነበር። ቦንጋ አካባቢ ሚያዝያ ላይ ዝናብ ከጀመረ ለማቆም አይቸኩልም። የእድሩ ድንኳን ውሃ አቁሮ ጎብጧል፤ ለቀስተኛው ሁሉ ደጁን ለቆ ወደ ቤት ገብቷል። ውጭ የቀረችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ማዕረግ።

ከትልቁ ሣር ቤት በር በስተቀኝ ባለው ታዛ ሥር፣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ተሾመችን ስታይ ብድግ አለች።

«በእርስዎ ፋንታ እኔን አፈር ይብላኝ» አለች በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ።

ይህ የሐዘን ቃል አይደለም። የማዕረግ ወገኖች መንገድ ላይ ለሚያገኙት ባለርስት ሁሉ፣ ለትልቁም ለትንሹም፣ ጎንበስ ብለው የሚሰጡት የዘወትር ሰላምታ ነው። ማዕረግ ማንጆ ነች። በካፋ ምድር ማንጆ መባል ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያሳፍራል። አባቶቻቸው የጫካ አውሬ እያደኑ ይበሉ ነበር ተብሎ፣ ልጅ የልጅ ልጃቸው ድረስ የሌላውን ሰው ደፍ አይረግጡም፤ በሌላው ሰው ዕቃ አይበሉም። እንጨታቸው ይገባል፤ ከሰላቸው ይገባል፤ እነሱ አይገቡም።

«ተቀመጪ፣ ማዕረግ» አለች ተሾመች፤ ቅጠሉንም ሰጠቻት። ማዕረግ ከእናቷ ጋር እኩያ ናት። ቢሆንም ተሾመች አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ «አንቺ» እያለች ነው የጠራቻት፤ ማዕረግም ለልጅቱ «እርስዎ» እያለች ነው የመለሰችላት። ሁለቱም እንዲያ ነው ያደጉት።

ቤቱ ክብ ነው፤ በአካባቢው ካሉት የሣር ክዳን ቤቶች ሁሉ ትልቁ። መካከሉ ላይ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ምሰሶ ቆሟል። ከምሰሶው በስተቀኝ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ በስተግራ ሴቶች፤ በሩ አጠገብ ወጣቶች። ከቀርከሃው መጋረጃ ጀርባ መኝታው አለ፤ ከመኝታው ወዲያ ደግሞ ዱሮ ጥጆች የሚያድሩበት ጥግ። ለማንም የት እንደሚቀመጥ አይነገርም። ሰው ገና ደፉን ሲሻገር ቤቱ ራሱ ቦታውን ያሳየዋል።

የዚህ ቤት ልዩ ነገር ታዛው ነበር። ክዳኑ ዙሪያውን እኩል ወርዶ ከበሩ በስተቀኝ ሲደርስ ግን ወደ ደጁ ተዘርግቶ የራሱ ቋሚዎች ላይ አርፏል፤ ባርኔጣውን በአንድ ወገን ዘንበል ያደረገ ሰው ይመስላል። ሣሩ በተለወጠ ቁጥር የሚከድኑት ሰዎች «ይህን እንቁረጠው፣ ቅርጹን አበላሽቶታል» ይሉ ነበር። እናቷ በዛወርቅ «ይቀጠላል እንጂ አይቆረጥም» ብለው ይመልሱ ነበር። በዚያው ወገን፣ ክብ ቤት መስኮት ባይኖረውም፣ ግድግዳው ላይ ጭንቅላት የማታሳልፍ ቀዳዳ አስወጥተዋል። ከቀዳዳዋ ሥር በውስጥ በኩል በርጩማቸው ነበረች። በውጭ በኩል የማዕረግ የጭቃ መደብ።

ተሾመች ልጅ ሳለች የገበያ ቀን ማለት ይህ ነበር። ማዕረግ እንጨቷን አውርዳ መደቡ ላይ ትቀመጣለች፤ እናቷ ሥራቸውን ትተው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ጀርባቸውን ለአንድ ግድግዳ ሰጥተው ሳይተያዩ ያወራሉ። ስለ ዘንድሮው የጫካ ቡና፣ ስለ ልጆች ሳል፣ ስለ ወንዶች ሞኝነት። እናቷ እንደዚያ የሚስቁት ከማንም ጋር አልነበረም። ምርጊቱ በጀርባቸው ተፈትጎ በውስጥም በውጭም እንደ ቆዳ ወዝቷል።

አንድ ጊዜ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለች፣ ተሾመች ጠየቀቻቸው።

«እማዬ፣ ማዕረግ ለምን አትገባም?»

«ቤቱ የኔ ብቻ አይደለማ! የአባትሽ ነው፤ የአጎትሽ ነው።»

አባቷ ከሞቱ በኋላ ለእረፍት ስትመጣ ደግማ ጠየቀች። «አሁንስ?»

እናቷ ወደ ቀዳዳዋ ዞሩ። «አሁን ደግሞ የጎረቤት ነው» አሉ።

* * *

ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ሳሙኤል ከሣር ቤቱ ወጥቶ ሲመጣ በቆርቆሮው ቤት ጥግ ጠበቀችው። ሳሙኤል የዞኑ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይሠራል። ግቢው ውስጥ ለእናቱ ብሎ ሳሎንና ሁለት መኝታ ያለው ቆርቆሮ ቤት ከነሰርቪሱ ሠርቷል። በዛወርቅ አንድ ቀንም አላደሩበትም፤ የመሥሪያ ቤት እንግዳ ሲመጣ ይከፈታል።

«ማዕረግ ከትናንት ጀምሮ ውጭ ናት» አለች ተሾመች። «ከሁላችን በፊት ያለቀሰችው እሷ ነች። ወደ ቤት እናስገባት።»

ሳሙኤል ዙሪያውን አየ። «እኔ በግሌ ችግር የለብኝም፤ ታውቂያለሽ።»

«እንግዲያው ምንድን ነው?»

«ለቅሶ ላይ ነን፣ ተሾ። እድሩ ይበተናል። አጎታችን ጋሽ ለገሰ ተነስተው ይሄዳሉ። የእማዬን ሐዘን የሰው አፍ ውስጥ ልታስገቢው ነው?»

«ባለፈው ኅዳር፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ መድረክ ላይ ወጥተህ ስለ እኩልነት ምን ነበር ያልከው? በማይክራፎን! ጅማ ድረስ ተወርቷል።»

«ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ።» ፊቱ ቀላ። ከዚያ መላ ያገኘ ሰው መስሎ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «እሺ፣ ዝናቡ ካሳዘነሽ ሰርቪሱ ይከፈትላት። ባዶ ነው። ማንም አያያትም።»

ተሾመች ሰርቪሱን አየችው። ከዋናው ቤት በክንድ ርቀት ተነጥሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በሩን ወደ ሽንት ቤቱ ያዞረ አንድ ክፍል።

«አዲሱን ቤት ስትሠራ ይቺን አልረሳሃትም፣ አይደል?» አለች። «ሣሩን በቆርቆሮ ለወጥክ፤ ክቡን አራት ማዕዘን አደረግከው። ውጭ የሚቀር ሰው ቦታ ግን አልጎደለም!»

«አሁን ሐዘን ላይ ነሽ፤ በኋላ እናወራለን» ብሎ ወደ ሣር ቤቱ ተመለሰ።

ደሟ እንደፈላ ማድ ቤት ገባች። ከእድሩ ሳህኖች አንዱን አነሳች፤ እንጀራ አደረገችበት፤ ሽሮ ጨለፈች። እትዬ የሺሃረግ ሌሎቹ ሴቶች እንዳይሰሙ ተጠጉና ክንዷን ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል? ለጡት ከሆነ እኮ ውለታዋ ዱሮ ተመልሷል። እናትሽ ስንት ቁና እህል…»

ቃሉ አፋቸው ላይ ተንጠለጠለ። ማማሰያ የያዘችው ሴት እጇን አቆመች።

«የምን ጡት?» አለች ተሾመች።

ፊታቸውን አየች፤ በዕድሜ የገፉት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተዋል፤ አንዳቸውም አልደነገጡም። የደነገጠች እሷ ብቻ ነበረች።

* * *

ሳህኑን እንደያዘች ታዛው ሥር ሄዳ ከማዕረግ ጎን መደቡ ላይ ተቀመጠች። ማዕረግ ፈቀቅ አለችላት፤ ልብሳቸው እንዳይነካካ።

«አጥብተሽኛል?»

ማዕረግ ዞር ብላ አየቻት።

«ማን ነገረዎት?»

«እውነት ነው?»

«ሲወለዱ እናትዎን ትኩሳት ያዛት። ጡቷ ደረቀ። እኔ ያን ሰሞን ልጄን ቀብሬ ነበር፤ የኔ ጡት ደግሞ ሞልቶ ያመኝ ነበር። እንጨት ይዤ ስመጣ ከውስጥ ለቅሶ ሰማሁ። የሚራብ ልጅ ለቅሶ ይታወቃል። ‹ስጡኝ› አልኩ። ማንም አልመለሰም። ደግሜ ‹ስጡኝ› አልኩ። በኋላ እናትዎ ከመኝታዋ እየተሳበች በሩ ድረስ መጣች፤ በደፉ ላይ አሳልፋ ሰጠችኝ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «ኃይለኛ ነበርሽ፤ ትነክሽ…» አለችና ደንግጣ አቋረጠች። «ይነክሱ ነበር።»

ጥርስ ላላወጣ ሕፃን «እርስዎ»!

«የት ሆነሽ ነው ያጠባሽኝ?»

«እዚሁ ነዋ! ታዛው ያኔ እንደሌላው ቤት ጠባብ ነበር። ሲዘንብ ጀርባዬን ለዝናቡ እሰጥና እርስዎን ወደ ግድግዳው አስጠጋለሁ። ከጠቡ በኋላ አሳጥበው ያስገቡዎታል። ጋሽ ለገሰ በግ አሳርደው ቤቱን አስነጽተዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔን ግን ክፉ አልተናገሩኝም። ክረምቱን ሙሉ መጣሁ። እናትዎ ስትድን የመጀመሪያ ሥራዋ ይህን ታዛ ማሠራት ነበር። ባሏ ተቆጣት፤ ወንድሟ አኮረፋት። እሷ ግን አሠራችው።»

«እግዜር ይስጣት አልሽ?» አለች ተሾመች፤ የእናቷ ነገር ያን ሰዓት እሬት እሬት ብሏት ነበር።

ማዕረግ በጣቷ የመደቡን ጠርዝ ነካ ነካ አደረገች።

«ታዛው ያለቀ ዕለት አለቀስኩ። ሰው ሁሉ በደስታ መሰለው። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ እናትዎ ስትድን በሩን ትከፍትልኛለች ብዬ አስብ ነበር። ታዛው ሲሠራ ነው እንደማይከፈት ያወቅሁት።»

ዝናቡ በሰፊው ክዳን ጠርዝ እንደ መጋረጃ ይወርዳል። ተሾመች ሳህኑን በመካከላቸው አስቀመጠች፤ ከእንጀራው ቆረሰችና ጎረሰች።

«እትዬ ማዕረግ» አለች፤ ቃሉ አፏ ላይ አዲስ ነበር፣ «ይብሉ።»

ማዕረግ ሳህኑን አዩት። እጃቸውን አልዘረጉም። ንፍሮው የነበረበትን ቅጠል ከጭናቸው ላይ አነሱና አጠፉት፤ ደግመው ዘረጉት፤ ደግመው አጠፉት። ቆይተው፣ በጣም ቆይተው፣ ከሳህኑ ጠርዝ ትንሽ ቆረሱ።

ማታ ለቀስተኛው ሲቀንስ ተሾመች ከእናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለወዛው ምርጊት ሰጠች። መሞቅ ያለበት ቦታ ቀዝቅዟል። ‹እማዬ› አለች በልቧ፣ ‹ጥጃ እንኳ ቤትሽ ውስጥ ቦታ ነበረው። ጥጃ! ክዳን ለመቀጠል ከባልሽ ተጣላሽ፤ ግድግዳ በሳሽ፤ ዕድሜ ልክሽን ጀርባዋን ተደግፈሽ ኖርሽ። በሩ እኮ ከመስኮቷ ሁለት እርምጃ ነበር።› ስለ እናቷ አለቀሰች፤ በእናቷ ላይም ተናዳ አለቀሰች፤ የትኛው እንባ የትኛው እንደሆነ ለመለየት አልቻለችም። የነበረቻት እናት ለጋስ ነበረች ወይስ ፈሪ? ሁለቱም ነበረች። ለዚህ ነው የሚያቃጥላት።

* * *

የሰልስት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ጢም አለ። ጋሽ ለገሰ፣ የእናቷ ወንድም፣ ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ የእድሩም ዳኛ እሳቸው ናቸው። ተሾመች ሌሊቱን ማዕረግን በሐሳቧ ስታይ አደረች እንጂ አልተኛችም። በጠዋት ወጥታ ማዕረግን እጃቸውን ይዛ «ይነሱ፣ እንግባ» ብላ ነበር። እሳቸው እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ።

«እርስዎ ጅማ ይሄዳሉ። እኔ እዚህ ነኝ። ነገ እንጨቴን የሚገዛኝ ሰው አጣለሁ። ልጆቼን መንገድ ላይ ይጠብቋቸዋል። በኔ ቁጣዎን አይወጡ።»

ይህ ቃል ከጋሽ ለገሰ ቁጣ ይልቅ አሳፈራት። እውነት ነበር። በሰው ጀርባ ጀግና ልትሆን ነበር።

ስለዚህ ሌላ አደረገች። ከሴቶቹ መካከል ብድግ ብላ የተቀመጠችበትን ሰሌን ጠቀለለች፤ ብብቷ ሥር አደረገችና ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነው?» አሉ ጋሽ ለገሰ።

«ለቅሶ ልቀመጥ።»

«ለቅሶው ያለው እዚህ ነው።»

«የኔ ውጭ ነው፣ ጋሼ። የጠባሁት ውጭ ነው አሉኝ።»

ጉርምርምታው ቤቱን ዞረው። ጋሽ ለገሰ ቀስ ብለው ተነሱ፤ ድምጻቸው ግን አልጨመረም። «ልጄ፣ ይህን በር የዘጋነው እኛ አይደለንም። አባቶቻችን ናቸው።»

«አባቶቻችንማ ሞተዋል!» አለች ተሾመች፤ የተዘጋው ድምጿ ተሰነጠቀ። «የሞተ ሰው በር አይዘጋም። በየጠዋቱ የሚዘጋው እጅ የማን ነው? በግ ያሳረዱት እርስዎ አይደሉም እንዴ? እኔን ሲያነጹ? ለእናቴ ወንድም፣ ለኔ አጎት ነዎት፤ በረሃብ ልሞት ስል የት ነበሩ? እዚህ ምሰሶ ሥር ነበሩ!»

አዛውንቱ በትራቸውን አንስተው ወደ እድሩ ሰዎች ዞሩ። «ዕቃው ይሰብሰብ» አሉ።

ተሾመች ወጥታ ሰሌኗን ታዛው ሥር ዘረጋች። ማዕረግ ደንግጠው ተነሱ። «ወይኔ! ይመለሱ፤ እኔ ልሂድ።»

«ከሄዱ ብቻዬን ነው የምቀመጠው። አስገድዶ የሚያስገባዎት የለም፤ እዚሁ በቦታዎ ነዎት። የመጣሁት እኔ ነኝ።»

ማዕረግ ጎንበስ ብለው ቆሙ። መንገዱን አዩ፤ በሩን አዩ። በመጨረሻ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው ታጠቁና ከጎኗ ተቀመጡ። «በዛወርቅን እኔም ቀብሬያታለሁ» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለደጁ።

ድንኳኑ ሲፈርስ ዝናቡ ባሰ። ለቀስተኛው ከቤት እየወጣ፣ የሐዘኑ ባለቤት ውጭ ስለሆነች ሳይሰናበታት መሄድ ነውር ሆኖበት፣ ወደ ታዛው ሥር መግባትም ነውር ሆኖበት፣ ጭቃው ላይ እየቆመ ከሩቅ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይላል። ነጠላው ከትከሻው ተጣብቆ፣ ውሃው ከአፍንጫው እየተንጠባጠበ። ሁለቱ ሴቶች ደረቅ መሬት ላይ ነበሩ። እትዬ የሺሃረግ ሁለት ጊዜ እስከ ታዛው ቋሚ ድረስ መጡ። ሁለት ጊዜም ተመለሱ። ጋሽ ለገሰ ሳያዩዋት አለፉ።

ሳሙኤል በሩ ላይ፣ አንድ እግሩ ውስጥ አንድ እግሩ ውጭ ሆኖ ብዙ ቆመ። የሚመጣ መሰላት፤ ከሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቀችለት። ያን ጊዜ ከግቢው በር ውጭ የመኪና ጥሩንባ ተነፋ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ነበሩ። ሳሙኤል ኮቱን አስተካክሎ ሮጦ ተቀበላቸው፤ በቆርቆሮው ቤት በኩል ወደ ሳሎኑ ወሰዳቸው።

«እህትህስ?» ሲል አንደኛውን ሰማች።

«አሟት ተኝታለች» አለ ወንድሟ።

ግቢው ባዶ ቀረ። ማዕረግ ያን ጊዜ ነው የልባቸውን ያለቀሱት። በሙሉ ድምጽ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ በዛወርቅን በስሟ እየጠሩ፣ ሳቋን እየጠሩ፣ ክፉኛ ያሳዘነቻቸውንም እየጠሩ። ተሾመች ያንን ሙሾ ስትሰማ ጎኗ ላይ ጋደም ብላ ራሷን የአሮጊቷ ጭን ላይ ጣለች።

ሙሾው ተቋረጠ። ማዕረግ እጃቸውን አነሱ፤ ከተሾመች ጸጉር በላይ አየር ላይ ቆመ። መልሰው አወረዱትና መዳፋቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ንጹሕ ነበር። ገልብጠው አዩት፤ እንደገና ጠረጉት፤ ጫን አድርገው፣ ጣት በጣት። ተሾመች ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ደግመው ሊጠርጉት ሲሉ እጃቸውን ያዘችና ራሷ ላይ አሳረፈችው።